ከሃምሳ ኪሎ ውስጥ የቀለም ድርሻ፦ የመምህርት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ሕይወት



በዚህ እትም የአንዲት መምህርትን ሕይወት ልናጫውታችሁ ወደናል። አስቀድመን ግን እኛ በሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ስለ ሥዕልና ስለ ቀለም ለመጻፍ ምን እንዳነሣሣን መናገር ይገባናል።

የዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ ገንዘቡ አልበቃ አለ። ጤፉም ዘይቱም ተወዷል፤ የቤት ኪራዩም እንዲሁ። ወጪዎቹን አንድ በአንድ እያየን ስንቀንስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹና ለአረጋውያን እናቶች የሚገዛው ወረቀት፣ ቀለም፣ የጥልፍ ክርና አለላ ላይ ደረስን። ብዙም ሳናስብ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝነው። ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም፣ ኪራይ አይደለም፤ ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም ብለን ነበር። በስብሰባው ላይ አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤታቸው ብቻቸውን እንደሚውሉ፣ ስፌታቸውን ይዘው ከሰው ጋር የሚቀመጡት በዚያች ቀን ብቻ እንደሆነ ነገሩን። እኛም ቁጥሩን አሳየናቸው። እሳቸውም መልስ አልሰጡንም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ድምሩ ልክ ነበር፤ ልባችን ግን አልረጋም።

የፍሪድልን ታሪክ ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኳ የእኛን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ሆኖ አገኘነው። ይህች ሴት ጓዟ በኪሎ ተቆጥሮ፣ ምን ልያዝ ምን ልተው ብላ መወሰን በነበረባት ቀን፣ ቀለምና ወረቀት ይዛ የሄደች ሴት ናት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወረቀት ሱቅ ሠራተኛው ልጅ

ፍሪድል ዲከር የተወለደችው በ1898 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞተችባት፤ ያሳደጋት አባቷ ነው። እሱም ወረቀትና የጽሕፈት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ቤታቸው ሀብት ባይኖረውም ልጂቱ ለወረቀትና ለእርሳስ ባዕድ አልነበረችም።

በወጣትነቷ መጀመሪያ ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎም ጨርቃ ጨርቅ ተማረች። ከዚያም ዮሐንስ ኢተን የተባለ የሥዕል መምህር ዘንድ ገባች። የኢተን ክፍል ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ተማሪዎቹ እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት አተነፋፈሳቸውን ያረጋጋሉ፣ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ መስመር የሚሰመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እሷም መምህሯም ባላሰቡት ቦታ እንደሚጠቅም ወደፊት እናያለን።

በ1919 ኢተን በጀርመን አገር፣ በቫይማር ከተማ አዲስ ወደተከፈተው ባውሃውስ ወደተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ሲሄድ ፍሪድልም ተከትላ ሄደች። እስከ 1923 ድረስ ሽመና፣ ኅትመትና የመጽሐፍ ጥራዝ ተማረች። ከዚያ ፍራንዝ ዚንገር ከተባለ የትምህርት ጓደኛዋ ጋር በመጀመሪያ በርሊን፣ በኋላም ቪየና ላይ አብረው ሠሩ። የሚነድፉት የቤት ዕቃ በጠባብ ቤት ለሚኖር ሰው የሚሆን ነበር፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደር ወንበር። በአንድ ክፍል ቤት ልጅ የሚያሳድጉ አባሎቻችን የዚህን ነገር ጥቅም ከማንም በላይ ያውቁታል። በቪየና ለአንድ መዋዕለ ሕፃናትም የውስጥ ክፍሉንና ዕቃውን ሠርተዋል። ከተማዪቱም ፍሪድልን ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ሥዕል እንድታስተምር ጋብዛት ነበር።

እስር፣ ስደትና የስደተኛ ልጆች

በ1934 በኦስትሪያ የፖለቲካ ግጭት ተነሣ። ፍሪድል ከኮሚኒስቶቹ ወገን ነበረችና ታሰረች። ከእስር ስትወጣ አገሯን ትታ ወደ ፕራግ፣ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ዋና ከተማ ተሰደደች። በዚያን ጊዜ ፕራግ ውስጥ ከሂትለር አገዛዝ ሸሽተው የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ፍሪድል የእነዚህን ስደተኞች ልጆች ሰብስባ ሥዕል ማስተማር ጀመረች።

ልጆቹ ቤታቸውንና ጓደኞቻቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ምን ሆንክ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይሰጥም፤ ይህን እኛም ከቅዳሜዎቹ ልጆቻችን አይተነዋል። ወረቀትና ቀለም ሲሰጠው ግን በአፉ ያልወጣው በእጁ ይወጣል። ፍሪድል ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚህ ልጆች ጋር በመዋል ነው። በሥራዋ ትረዳት የነበረችው ኤዲት ክሬመር የተባለች ወጣት ተማሪዋ ነበረች። ይህን ስም ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1936 ፍሪድል ፓቬል ብራንዳይስን አገባች። የራሷን ልጅ ለመውለድ ብትመኝም አልሆነላትም። በ1938 ባልና ሚስቱ ከፕራግ ርቀው ህሮኖቭ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠሩ። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ጦር አገሪቱን ያዘ። አይሁዳውያን ከሥራ ታገዱ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ።

ፍሪድል ወደ ፍልስጤም የሚያስገባ ቪዛ አግኝታ ነበር። ባሏ ግን አልነበረውም። ጓደኞቿ እንድትሄድ ቢመክሯትም እሱን ትታ መሄድ አልሆነላትም፤ ቪዛው ሳይሠራ ቀረ።

ሃምሳ ኪሎ

በዲሴምበር 1942 ወደ ተሬዚን እንዲሄዱ ትእዛዝ ደረሳቸው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጓዝ 50 ኪሎ ነበር።

ከመካከላችሁ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሁሉ የኪሎን ነገር ታውቃለች። ሻንጣው ተመዝኖ ሲበዛ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ከፍቶ ይህ ይውጣ ይህ ይግባ ማለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የምትነግሩን እናንተ ናችሁ። እናንተ ግን ወደ ቤታችሁ ነበር የምትመለሱት። ፍሪድል የምትሄደው ወደማታውቀው እስር፣ በክረምት፣ መቼ እንደምትመለስ ሳታውቅ ነው። ከዚያች 50 ኪሎ ላይ ለወረቀት፣ ለቀለምና ለሥዕል መሣሪያ ቦታ ቀነሰች። አንሶላዎቿንም ቀለም ነከረቻቸው፤ ልጆች ቲያትር ሲሠሩ ልብስና መጋረጃ እንዲሆኑ አስባ ነው። እዚያ ልጆች እንደሚኖሩ ታውቃለችና።

እኛ ይህን ስናነብ የቆጠርነው ኪሎውን ነው። እያንዳንዱ የቀለም ቱቦ የአንድ ሹራብ ወይም የጥቂት ዳቦ ቦታ ወስዷል ማለት ነው። ይህች ሴት የኑሮን ችግር የማታውቅ ቅንጡ አልነበረችም፤ በድህነት ያደገች፣ ታስራ የወጣች፣ ተሰዳ የኖረች ናት። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ታውቃለች። አውቃም ነው ቀለሙን ያስገባችው።

በተሬዚን ያለ ክፍል

ተሬዚን ከፕራግ በስተሰሜን የምትገኝ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ ታጥራ የተሠራች የጦር ሠፈር ከተማ ናት። ከ1941 መጨረሻ እስከ 1945 ናዚዎች የአይሁዳውያን ማጎሪያ አደረጓት። በእነዚያ ዓመታት ከ140,000 በላይ ሰዎች ወደ ውስጧ ገብተዋል። 33,000 የሚሆኑት በረሃብ፣ በበሽታና በመጨናነቅ እዚያው ሞቱ፤ ወደ 88,000 የሚጠጉት ደግሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ግድያ ካምፖች ተላኩ።

የእስረኞቹ የራሳቸው አስተዳደር ሕፃናቱ በተቻለ መጠን ከአዋቂው ስቃይ እንዲርቁ ሲል የልጆች ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። ልጆቹ በተደራረቡ አልጋዎች ላይ ተጨናንቀው ያድራሉ። መደበኛ ትምህርት በናዚዎቹ ተከልክሏል፤ በድብቅ ካልሆነ አይሰጥም። ሥዕልና መዝሙር ግን እንደ ጨዋታ ስለሚታዩ አልተከለከሉም። ፍሪድል የገባችው በዚች ቀዳዳ ነው። የምትኖረውም የምታስተምረውም በልጃገረዶቹ ቤት ነበር።

ይዛው የሄደችው ወረቀት ብዙ አልቆየም። ከዚያ በኋላ የተገኘው ሁሉ ወረቀት ሆነ፤ የዕቃ መጠቅለያ፣ ቁርጥራጭ፣ በአንድ ወገን የታተመባቸው የቢሮ ቅጾች። ቀለም ሲያልቅ ልጆቹ ባለ ቀለም ወረቀት እየቀደዱና እየለጠፉ ሥዕል ይሠሩ ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከኢተን በተማረችው መንገድ ነው። መጀመሪያ እጅን ማፍታታት፣ ከዚያ እሷ በድምፅ ምት እየሰጠች ልጆቹ መስመርና ክብ እንዲሠሩ ማድረግ። በፍርሃት የደረቀ እጅ በዚህ ይላላል። ቀጥሎ በፊታቸው ያለውን ዕቃ፣ አንድ ማሰሮ ወይም አንድ ጫማ፣ ይሥላሉ። ከዚያ በኋላ የወደዱትን ይሥላሉ። ብዙዎቹ ቤታቸውን፣ ሜዳና አበባን፣ የተሞላ ገበታን ሣሉ። ጥቂቶች ደግሞ የሚያዩትን፣ ተደራራቢውን አልጋና የምግብ ሰልፉን ሣሉ። ሁለቱንም አልከለከለችም፤ አላረመችም።

ሥዕሉ አማረ አላማረም ብላ አትፈርድም ነበር፤ ልጆቹንም አታወዳድርም። ዓላማዋ ሠዓሊ ማፍራት አልነበረም። ልጁ በራሱ ዓይን አይቶ፣ በራሱ ልክ እንዲሠራ ነው የምትፈልገው። በ1943 ለማጎሪያው መምህራን ስለ ልጆች ሥዕል ንግግር አድርጋለች፤ የልጆቹም ሥራ በዚያው ዓመት ለእይታ ቀርቧል። አዋቂ ቸኩሎ መንገድ ካሳየው ልጁ የራሱን መንገድ ያጣል የሚለው ሐሳብ የንግግሯ ፍሬ ነገር ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራት፤ እኛ የሒሳብ ሰዎችን በተለይ የነካን እሱ ነው። ልጆቹ በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በዚያ ቦታ እያንዳንዱ ሰው የሚመዘገበው ባመጣው የትራንስፖርት ቁጥር ነው። ልጆቹ ለአገዛዙ ቁጥር ነበሩ፤ በፍሪድል ክፍል ግን በገዛ እጃቸው ስማቸውን ይጽፉ ነበር። እኛ ቁጥር እንወዳለን፣ ሥራችንም ነው፤ ሆኖም ሰው በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ምን እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ሁለት ዓይነት ቀለም

በጁን 23 ቀን 1944 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካዮች ተሬዚንን ጎበኙ። ናዚዎቹ ለዚያ ቀን ከተማዪቱን አስውበው ነበር። ቤቶች ቀለም ተቀቡ፣ አበባ ተተከለ፣ መጨናነቁ እንዳይታይ አስቀድሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አውሽቪትስ ተጫኑ። እንግዶቹ የታየውን አይተው ሄዱ።

ስለዚህ በተሬዚን ሁለት ዓይነት ቀለም ነበር። አንዱ እውነትን ለመሸፈን በግድግዳ ላይ የተቀባው ነው፤ ሌላው ልጆቹ በቁራጭ ወረቀት ላይ የቀቡት ነው። ይህን የምንጽፈው ለራሳችንም ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው። ለደጋፊ እንግዳ ለማሳየት ተብሎ ልጆች የሚሥሉት ሥዕል የመጀመሪያውን ዓይነት ሊመስል ይችላል። ቅዳሜያችን ለልጆቹ እንጂ ለፎቶግራፍ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1944 መጸው ትራንስፖርቶቹ እንደገና ጀመሩ። ሴፕቴምበር 28 ፓቬል ተጫነ። ፍሪድል እሱን ለመከተል በፈቃዷ ተመዘገበች፤ ኦክቶበር 6 ተጓዘች። ኦክቶበር 9 ቀን 1944 በአውሽቪትስ ቢርከናው ተገደለች። 46 ዓመቷ ነበር። ፓቬል ከጦርነቱ ተርፏል፤ እሷ ግን ይህን ሳታውቅ ሞተች።

ያስተማረቻቸው ልጆችም አብዛኞቹ ተገደሉ። ይህን ሳናድበሰብስ መናገር አለብን። ሥዕል ማንንም ከጋዝ ቤት አላዳነም። ሥዕል ዳቦን አይተካም፣ ፍትሕንም አይተካም። ሰዎች የዚህን ዓይነት ታሪክ ሲያወሩ አንዳንድ ጊዜ ቀለም ሁሉን የሚፈውስ ያስመስሉታል፤ ፍሪድል ግን የቆመችው እውነቱን አይታ ነው። ያደረገችው ነገር፣ ነገ የማይታወቅለት ልጅ ዛሬ ለሁለት ሰዓት ሰው ሆኖ እንዲውል ማድረግ ነው። ከሞት የተረፉት ጥቂት ተማሪዎቿ አርጅተውም ያን ክፍል አልረሱትም።

ሁለት ሻንጣዎች

ፍሪድል ከመሄዷ በፊት የልጆቹ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣዎች ተደርገው ተደበቁ። ብዛታቸው ወደ 4,500 ይጠጋል። በ1945፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ የልጃገረዶቹ ቤት ኃላፊ የነበረው ቪሊ ግሮአግ ሻንጣዎቹን ወደ ፕራግ ወስዶ ለአይሁዳውያኑ ማኅበረሰብ አስረከበ። ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። የተወሰኑት ለሕዝብ የሚታዩት በፒንካስ ምኩራብ ነው። በዚያው ሕንፃ ግድግዳዎች ላይ የተገደሉት ወደ 78,000 የሚጠጉ የቦሔሚያና የሞራቪያ አይሁዳውያን ስሞች አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ልጆቹ በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን ስለጻፉ፣ ይህ የማን ሥራ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬም መልስ አለ።

ወደ ኤዲት ክሬመር እንመለስ። ያች ወጣት በ1938 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደች። እዚያ በችግር ያደጉና የተረበሹ ወንድ ልጆች በሚኖሩበት ተቋም ለዓመታት ሥዕል አስተማረች፤ በ1958 ስለዚሁ ሥራዋ መጽሐፍ አሳተመች። ዛሬ በብዙ አገሮች በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በልጆች ማሳደጊያ በሥዕል ሰውን የመርዳት ሙያ አለ፤ ክሬመርም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና ትቆጠራለች። እስከ 2014 ድረስ ኖራለች። ሥሩ ሲፈለግ በፕራግ ስደተኛ ልጆችን ሰብስባ የነበረችው መምህርት ትገኛለች።

ወደ መዝገባችን ስንመለስ

ከዚህ ሕይወት ለቅዳሜያችን የሚሆኑ ነገሮችን ወስደናል። ሥዕልም ሆነ ስፌት የሚመዘነው በማማሩ አይደለም፤ ስለዚህ ሽልማትና ደረጃ አናወጣም። እያንዳንዱ ሰው በሠራው ላይ ስሙን ይጽፋል፤ መጻፍ ለማይችሉ እናቶች እነሱ በመረጡት ምልክት ይሁን። ምን እንደሚሠራ የሚመርጠው ሠሪው ራሱ ነው። የሚያሳዝን ነገር የሣለ ልጅ ደስ የሚል ነገር ሣል ተብሎ አይታረምም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ወጪውንም እንደገና አሰላን። የሒሳብ ክፍሉ በየወሩ በአንድ ወገን የታተመበት ብዙ ወረቀት ይጥላል። በተሬዚን የቢሮ ቅጽ ጀርባ ለሥዕል ከበቃ የእኛም ይበቃል። ከዚህ ወር ጀምሮ የሰው ስምና የሒሳብ ምስጢር የሌለበትን እየለየን ለቅዳሜ እናስቀምጣለን። ክር፣ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ስንደዶና አለላ የተረፋችሁ አባላትም ብታመጡልን እንቀበላለን። የቀረው ለቀለም የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። እሱንም ልዩ ልዩ ወጪ በሚለው ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ የራሱን የበጀት ርዕስ ሰጥተን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኛ ግን የሰረዝነውን ቀይ መስመር አንሥተን እንቀርባለን።

በስብሰባው ላይ ለተናገሩት እናታችንም በዚሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቁጥሩን በትክክል ደምረን ነበር፤ የእርስዎን ቅዳሜ ግን ሳንቆጥር ቀርተናል። አለላው እስኪገዛ ድረስ በቤትዎ ያለውን ጅምር ሞሰብ ይዘው ይምጡ፤ ቦታዎ እንዳለ ነው።